ብስክሌት፣ የትምህርት ቤት ጉብኝትና አርኣያነት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ በየዓመቱ በግቢያችን ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ይጎበኛል። ዘንድሮ ጉብኝቱን በብስክሌት ለማድረግ አስበናል። ሐሳቡ ሲነሳ አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ "ስፖርት ነው ወይስ ትምህርት?" ብለን ጠየቅን። የዚህ እትም ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ተዘጋጅቷል። በየዶርማችሁና በየሐለቃችሁ አንብባችሁ እንድትወያዩበት መጨረሻው ላይ ጥያቄዎችን አስቀምጠናል።

1. መነሻ፦ መልስ ያጣንለት ጥያቄ

ባለፈው ዓመት ሚኒባስ ተኮናትረን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ርዕሰ መምህሩ በደስታ ተቀበሉን። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። እኛም ተራ በተራ ተነስተን ስለ ዓላማ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ጥናት ዘዴ ተናገርን። ከበረታችሁ የማትደርሱበት ቦታ የለም አልናቸው። አጨበጨቡልን። ጥያቄ ካላችሁ ስንል ከኋላ መደዳ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

"እናንተ በመኪና ነው የመጣችሁት። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው። ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኛ በምን እንመላለሳለን?"

መድረኩ ላይ የነበረው ወንድማችን ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ "አላህ ያግራልሽ" አላት። ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ተቀመጠች። ዱዓው መልካም ዱዓ ነው። እርሷ የጠየቀችው ግን ስለ መንገዱ ነበር፤ ለመንገዱ ደግሞ አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ አላወራንም። አንዲት እህታችን ብቻ "ዱዓውን አደረግን፤ ሰበቡን ለማን ተውነው?" አለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንዳስተማሩት ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን ግመሏን ሳናስር ነው የተመለስነው።

2. መንገዱን በቁጥር እንየው

የልጅቷን ጥያቄ እንደ አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንውሰደው። ሰው በእግሩ ደብተር ተሸክሞ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ጨምሮ፣ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ማለት እንግዲህ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 4 ሰዓት ይሆናል። ያንኑ መንገድ አንድ ደህና ብስክሌት በጠጠር መንገድ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ በ45 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ በቀን 2 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህ የጥናት ጊዜ ነው፤ እናትን የማገዣ ጊዜ ነው፤ የእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከማለዳው 11 ሰዓት ላይ ተነስታ በጨለማ የምትወጣ ልጅ ብርሃን ሲሆን እንድትወጣ የሚያደርጋትም ይኸው ነው።

ብስክሌት ይህን የሚያደርገው ሞተር ኖሮት አይደለም። በእግር ስንሄድ በየእርምጃው የሰውነታችንን ክብደት ከፍ ዝቅ እናደርጋለን፤ ኃይላችን የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ብስክሌት ላይ ስንቀመጥ ክብደታችንን ጎማው ይሸከምልናል፤ የእግራችን ጉልበት በአብዛኛው ወደፊት ለመግፋት ይውላል። ነዳጅ የለውም፤ የሚበላው የበላነውን ምግብ ነው።

በአገራችን ገጠር ለዚህ ርቀት የተለመደው መፍትሔ ሌላ መሆኑን ከመካከላችን ብዙዎቻችን በራሳችን እናውቃለን። ተማሪው ከተማ ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤት ተመልሶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል። ይህ ለወንዱ ከባድ ነው። ለ15 ዓመት ሴት ልጅ ደግሞ ከኪራዩ በላይ የወላጅ ስጋት አለበት። አባትየው "ማንን አምኜ?" ይላል። ብዙ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚቆመው ትምህርት የሚቆመው በውጤት ማነስ ሳይሆን በዚህች ጥያቄ ነው።

3. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ይህን ያሰብነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ከህንድ ነው። ቢሃር ከህንድ ድሃ ክልሎች አንዷ ስትሆን በርካታ ሙስሊሞችም ይኖሩባታል። በዚያ ብዙ ሴት ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን እንደጨረሱ ይቀሩ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የክልሉ መንግሥት 9ኛ ክፍል ለተመዘገበች ለእያንዳንዷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ጀመረ። ሙራሊድሃራን እና ፕራካሽ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ውጤቱን መረመሩ። ቢሃርን ከአጎራባቿ ጃርካንድ ጋር፣ ሴቶችን ከወንዶች ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት ውጤት፦ በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ሴት ልጆች ቁጥር በ32 ከመቶ ጨመረ፤ በወንድና በሴት መካከል የነበረው የምዝገባ ልዩነት በ40 ከመቶ ጠበበ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቁ መንደሮች ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ይነግረናል። ልጆቹን የመለሳቸው የገንዘቡ ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅርብ ያሉትም እኩል በጨመሩ ነበር። የተፈታው ችግር ርቀቱ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ተከተለ። በአንድ መንደር አንዲት ልጅ ብቻዋን ብስክሌት ብትነዳ መነጋገሪያ ትሆናለች። አሥር ሆነው በአንድነት ሲሄዱ ግን የሚናገራቸው ይቀንሳል፤ መንገዱም ይጠበቅላቸዋል። ዕድሉ ለአንዲት ጎበዝ ተማሪ ሳይሆን ለክፍሉ ሴቶች በሙሉ መሰጠቱ የጠቀመው አንዱ በዚህ ነው።

ሁለተኛው ከአህጉራችን ከዛምቢያ ነው። ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለው ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የህንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ከመታው ሱናሚ በኋላ በስሪ ላንካ ብስክሌት በማደል ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶም ወደ አፍሪካ ገጠሮች ዞረ። ለጠጠር መንገድ የሚሆን፣ ከባድ ሸክም የሚችልና በየመንደሩ በቀላሉ የሚጠገን ብስክሌት አዘጋጀ። በዛምቢያ ገጠር ከትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ሴት ተማሪዎች በተሰጠው ብስክሌት ላይ ጥናት ተደረገ፤ ትምህርት ቤቶቹ ብስክሌት የሚደርሳቸውና የማይደርሳቸው ተብለው በዕጣ ተለዩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ብስክሌቱ የደረሳቸው ልጆች የጉዞ ጊዜ በ35 ከመቶ፣ ማርፈዳቸው በ66 ከመቶ፣ መቅረታቸው ደግሞ በ27 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ።

የዛምቢያው ሥራ ለእኛ ሌላም ትምህርት አለው። ብስክሌቱን ሰጥተው ዞር አላሉም። በየትምህርት ቤቱ የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከቤተሰብ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ የአካባቢውን ሰው ጥገና አሠለጠኑ። ጥገና የሌለው ብስክሌት ጎማው በተበሳ ማግስት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። አማና የተሰጠን ነገር መጠበቅ ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም።

4. ማን ነው የሚናገራቸው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጎማው ነው። ሌላም ርቀት አለ፤ እርሱ በልጁ ልብ ውስጥ ያለው ርቀት ነው። "ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም" የሚለው ሐሳብ ከ9 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የጉብኝት ጥቅም ይህንን ማሳጠር ነው። ነገር ግን ማንኛውም ጉብኝት ያሳጥረዋል ማለት አይደለም።

በማዳጋስካር በ640 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ተምረው የተሳካላቸው ሰዎች እየመጡ የሕይወት ታሪካቸውን ለልጆችና ለወላጆች አጫወቱ። ተናጋሪው እንደ ልጆቹ ከድሃ ቤት የወጣ ሲሆን የድሃ ልጆች የፈተና ውጤት ተሻሻለ። ተናጋሪው ከሀብታም ቤት የወጣ ሲሆን ግን በልጆቹ ላይ ለውጥ አልታየም። ሁለቱም የተሳካላቸው ነበሩ፤ ልዩነቱ መነሻቸው ነው። ልጁ ራሱን ያየው የእርሱን ዓይነት ቤት በሚያውቀው ሰው ውስጥ ነው።

ከራሳችን አገርም ምስክር አለን። በ2010 እ.ኤ.አ. በኦሮሚያ ክልል ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች ለገበሬዎች አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። እያንዳንዱ ፊልም 15 ደቂቃ ነው፤ አራቱ ተደምረው አንድ ሰዓት ይሆናሉ። በፊልሞቹ ውስጥ የሚናገሩት ከተመሳሳይ ኑሮ ተነስተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው፤ ታሪካቸውን በአፋን ኦሮሞ ይናገራሉ። ለማነጻጸር ደግሞ ሌሎች ሰዎች የመዝናኛ ፕሮግራም ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ የሰዎቹን ታሪክ ያዩት ገበሬዎች ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም ከፍ ያለ ነገር ይመኙ ነበር፤ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብም ጨምሮ ተገኘ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው! ግን የእነርሱን አፈር ከረገጠ፣ በእነርሱ ቋንቋ ከሚናገር ሰው የመጣ አንድ ሰዓት ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የእኛ ስህተት የት እንደነበር አሁን ግልጽ ይመስለናል። ከመካከላችን በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የተማረ ወንድም ነበር፤ ሦስት ዓመት ኪራይ ቤት ውስጥ ሽሮ እያበሰለች የተማረች እህትም ነበረች። ሁለቱም ንግግር አንችልም ብለው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። መድረኩን የሰጠነው አንደበቱ ለሚቀናው ነው። ለልጅቷ ጥያቄ መልሱ በእጃችን እያለ ከኋላ ወንበር አስቀመጥነው።

በብስክሌት እንሂድ ያልነውም ለዚሁ ነው። በሚኒባስ የመጣ እንግዳ መንገዱን አያውቀውም፤ መስኮት ዘግቶ አልፎታል። በብስክሌት የመጣ እንግዳ የትኛው ዳገት እንደሚያደክም፣ የትኛው ድልድይ ላይ ጎርፍ እንደሚያልፍ፣ የት ውሻ እንደሚያሳድድ ያውቃል። አቧራ ለብሶ ሲደርስ ልጆቹ ገና ሳይናገር የሚጠይቁት ነገር ያገኛሉ። "ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?" ብለው ሲጠይቁ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

5. በመሪው ላይ የጸኑ

ለልጆቹ ልንነግራቸው ከምንችላቸው ታሪኮች ሁለቱን ብቻ እናንሳ።

ማሶማ ዓሊ ዛዳ የአፍጋኒስታን ሙስሊም ናት። የልጅነት ዕድሜዋን በኢራን በስደት አሳልፋ ወደ ካቡል ተመለሰች። በካቡል ከጓደኞቿ ጋር ብስክሌት ስትነዳ ይሰድቧትና ድንጋይ ይወረውሩባት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ጥገኝነት አገኘች፤ በሊል ዩኒቨርሲቲም ሲቪል ምሕንድስና ተማረች። በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ 22.1 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚለካውን ውድድር ተወዳደረች። ከተወዳዳሪዎቹ መጨረሻ ነው የገባችው። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ የስደተኞች ቡድን መሪ ሆና ተመረጠች። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንነግር መጨረሻ መግባቷን እንዳንደብቅ። ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ አንደኛ አይወጡም። ትምህርቱን ለመጨረስ ግን አንደኛ መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ሊሰሙ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ቢንያም ግርማይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አስመራ የተወለደው ይህ ኤርትራዊ ወጣት በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ከዚያ በፊት በዚህ ውድድር የዕለት ድል ያገኘ ጥቁር አፍሪካዊ አልነበረም። ከእርሱ በፊት ግን መንገድ የከፈቱ ነበሩ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ የተባሉት ኤርትራውያን በዚሁ ውድድር ተሰልፈዋል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አንዱ ሲያልፍ ያየ ሌላው ይከተላል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሯት ብንነግራቸውም ልጆቹ ይገረማሉ።

6. ጉዟችንን እንዴት እናድርግ?

ሀ. ኒያን ማስተካከል። ሥራ በኒያ ነው። የምንሄደው ልጆቹን ለመጥቀም እንጂ ለፎቶ አይደለም። ዘንድሮ ፎቶ የሚያነሳው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ የልጆቹን ፊት ያለ ትምህርት ቤቱና ያለ ወላጅ ፈቃድ አናነሳም፤ አንለጥፍም። ሪያ ከብስክሌት ይልቅ በፍጥነት ይሮጣል።

ለ. ፈቃድና ወሰን። አስቀድመን ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ እንወስዳለን፤ ቀኑንም እርሳቸው ይወስናሉ። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ የምንናገረው ስለ ትምህርትና ስለ መንገድ ነው፤ የምንናገረውም ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ልጅ እኩል ነው። ጠባያችን፣ ሰዓት ማክበራችንና ቃል መጠበቃችን ስለ እምነታችን ይናገራል፤ ከዚያ ያለፈው ቦታው ሌላ ነው።

ሐ. ብስክሌቱን መፈተሽ። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ዐስር ከሰገድን በኋላ እንሰበሰባለን። የፊትና የኋላ ፍሬን፣ የጎማ ንፋስ፣ የሰንሰለት መላላት፣ የመቀመጫ ቁመት ይታያል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችን ትንሽ ብቻ ከታጠፈ መቀመጫው ልክ ነው። ፖምፓ፣ የጎማ መለጠፊያና ቁልፎች የሚይዝ አንድ ሰው እንመድባለን። ጎማ መለጠፍ የማያውቅ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ አንድ ጊዜ ቢያይ ይበቃዋል።

መ. መንገድ ላይ። በቀኝ ጠርዝ አንድ በአንድ እንሄዳለን። ከፊት አንድ መንገድ የሚያውቅ፣ ከኋላ አንድ ጠንካራ ሰው ይሆናል፤ ከኋለኛው ወደ ኋላ የሚቀር የለም። ፍጥነታችን በደካማው ልክ ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ ወይም የተሰበረ ጠርሙስ ካየን ወርደን እናነሳለን፤ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ስልክ እያናገሩ መንዳት፣ የጭነት መኪና ይዞ መጎተት፣ መሽቀዳደም ክልክል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተን ዙህርን እዚያው አካባቢ መስጂድ ሰግደን እንመለሳለን፤ ሳይጨልም ግቢ እንገባለን።

ሠ. እህቶቻችንን በተመለከተ። እህቶች ከፈለጉ የራሳቸውን ቡድን ይዘው ይነዳሉ፤ ያልፈለገች ወይም ያልተመቻት በመኪና ትመጣለች፤ አንዷም አትወቀስም። ለረጅም ልብስ የሰንሰለት መሸፈኛና የኋላ ጎማ መከላከያ ያለው ብስክሌት ይመረጣል፤ ልብስ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ የሚጥለው ብዙ ነው። አለባበስንና ጉዞን በተመለከተ ዝርዝር ጥያቄ ያላት ኡስታዞቻችንን ትጠይቅ። ነገር ግን እህቶች የሌሉበት ጉብኝት ግማሽ ጉብኝት መሆኑን እንወቅ። ለዚያች ልጅ የሚመልስላት ሰው የሚገኘው ከእነርሱ መካከል ነው።

ረ. የሚነገረው። አንድ ተናጋሪ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ንግግሩ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ከየት ተነሳሁ፣ ምን አቃተኝ፣ ምን አደረግሁ። "ምን አቃተኝ" የሚለው እንዳይዘለል። ሒሳብ ወድቀን ከሆነ እንናገር፤ ስንቃችን አልቆ ከሆነ እንናገር። ከዚያ በኋላ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍለን እንቀመጣለን። ትልቅ ጉባኤ ላይ የማይጠይቅ ልጅ አምስት ሆነው ሲቀመጡ ይጠይቃል። ብስክሌት ማየት የሚፈልጉትን ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ እናሳያቸዋለን፤ እጅ ሲሠራ አፍም ይፈታል።

ሰ. ከጉብኝቱ በኋላ። ማድረግ የማንችለውን አንናገር። "ብስክሌት እናመጣላችኋለን" የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። አንድ ብስክሌት ይዞ ሄዶ በ500 ልጆች መካከል ዕጣ ማውጣትም አንዱን አስደስቶ 499ኙን ማስከፋት ነው። የምንችለው ይህ ነው፦ ተመራቂዎች ትተውት የሄዱትን፣ ባለቤቶቹም ለዚህ ሥራ የሰጡንን ብስክሌት ጠግነን፣ በትምህርት ቤቱ በኩል በውል ማዋስ። ልጁ ወይም ልጅቷ 9ኛና 10ኛን እስኪጨርሱ ይገለገሉበታል፤ ከዚያ ለተከታዩ ይተላለፋል። በወር አንድ ጊዜ ከእኛ አንድ ሰው ሄዶ ያያል፤ የተበላሸውን ይጠግናል። በሦስት ብስክሌት እንጀምር። በአላህ ዘንድ የተወደደ ሥራ ትንሽ ቢሆንም ዘውታሪ የሆነው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

7. ስለዚያች ልጅ

በዚህ ዓመት ጥር ወር ላይ ከመካከላችን ሁለታችን በብስክሌት ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄድን። መንገዱ ለእኛ 50 ደቂቃ ፈጀ። መምህሩ ያስታውሱናል። ስለ ልጅቷ ጠየቅናቸው። የክልሉን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋ ከተማ 9ኛ ክፍል ገብታ ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራዩ። ኅዳር ላይ አንደኛዋ ታማ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ኪራዩ ለሁለት ከበደ፤ የእርሷም አባት መጥቶ ወሰዳት። "ለሚቀጥለው ዓመት እልካታለሁ ብሏል" አሉን መምህሩ።

እናቷ ቤት ሄደን ሰላም አልናቸው። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ብስክሌቶቹን ግቢ ውስጥ አየቻቸው። ዘንድሮ በመኪና እንዳልመጣን ገብቷት ፈገግ አለች። "ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?" አለችን። ነገርናት። በጣቷ ቆጠረችና "ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም" አለች። አባትየው ማታ መጡ፤ ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር ከሆነ መንገዱን እንደማይከለክሏት ነገሩን። ከዚያ መንደር በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ክፍል የሚገቡ አራት ልጃገረዶች እንዳሉም ቆጠሩልን። ከእርሷ ጋር አምስት ናቸው። እኛ ዘንድ ያሉት ብስክሌቶች ሦስት ናቸው። ሁለት ይቀሩናል።

እውቀትን ፍለጋ መንገድ ለገባ ሰው አላህ ወደ ጀነት የሚወስደውን መንገድ እንደሚያገራለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አብሥረዋል። እኛ ያንን መንገድ ግቢያችን በር ድረስ ተጉዘነዋል። ሌላው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆሞ አንድ ጎማ መለጠፍ የዚያ ጉዞ ክፍል እንዲሆንልን አላህን እንለምናለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከዶርማችሁ ልጆች መካከል ሁለተኛ ደረጃን በረጅም መንገድ ወይም በኪራይ ቤት የተማረ ማን አለ? ታሪኩን ከዚህ በፊት ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

2. በቢሃር ለውጡ ሩቅ ባሉት መንደሮች ጎልቶ የታየው ለምንድን ነው? በእናንተ ቀበሌ 8ኛ ክፍልን ጨርሰው የሚቀሩ ልጆች የሚቀሩት በርቀት ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ብስክሌት አይፈታውም፤ ምን ይፈታዋል?

3. ባለፈው ዓመት ለልጅቷ ጥያቄ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

4. የማይነዳ ብስክሌት ያለው ወይም ጥገና የሚያውቅ ማን ነው? ለትምህርት ዘርፉ ተጠሪዎች አሳውቁ።

ጌታችን ሆይ! ሥራችንን ለአንተ ብቻ የተጥራራ አድርግልን። በመንገድ ላይ ያሉ ታናናሾቻችንን ጠብቅልን፤ መንገዳቸውን አግራላቸው፤ እኛንም ለማገራቱ ሰበብ አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።